ሊያነበው ያልቻለው መጽሐፍ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ረዘም ያለ ነው። ቡና የቀረበላችሁ እየጠጣችሁ አንብቡት፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ለማታ አቆዩት። ዓመታቱን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

አትላንታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ከተማ "ውድራፍ" የሚል ስም የሌለበት ቦታ የለም። መሐል ከተማ ያለው መናፈሻ ውድራፍ ነው። ትልቁ የኪነ ጥበብ ማዕከል ውድራፍ ነው። ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ብትሄዱ ቤተ መጻሕፍቱ ውድራፍ፤ ወደ ጥቁሮቹ ኮሌጆች ብትሻገሩ የእነሱም ቤተ መጻሕፍት ውድራፍ። ሁሉም የአንድ ሰው ስም ነው፤ ኮካ ኮላን ለብዙ ዓመታት የመራው ባለጸጋ ሮበርት ውድራፍ። ለከተማዋ ብዙ ሰጥቷል፤ ስሙ ቢበዛ አይገርምም።

እኔ ግን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላኛው ውድራፍ ነው። ሄል ውድራፍ ይባላል። ሠዓሊና መምህር ነበር። ከኮካ ኮላው ሰውዬ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቆዳውም ጥቁር ነው።

እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። የእህቴን ልጅ ፈተና ስላለባት ግቢዋ ድረስ አደረስኳት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ልጠብቃት ስል፣ "አጎቴ፣ እዚህ ከምትንቃቃ እዚያ አሮጌው ሕንጻ ግባ፤ ሥዕል አለ፤ አንተ ትወደዋለህ" አለችኝ። ሕንጻው ትሬቨር አርኔት ይባላል። በ1932 ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ነው የተሠራው፤ ዛሬ የክላርክ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ስብስብ የሚገኝበት ነው። ገባሁ። ቀና አልኩ። ከዚያ በኋላ አንገቴ እስኪደነዝዝ ቀና እንዳልኩ ቀረሁ።

ከፍ ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ስድስት ትልልቅ ሥዕሎች አሉ። እያንዳንዱ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን። አንደኛው ላይ እሳት አለ። ቅርጻ ቅርጽ ይቃጠላል፣ ይወድቃል፣ ይዘረፋል። መግለጫውን ሳላነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ቃል ነው፦ መቅደላ።

ሥዕሉ ግን የመቅደላ አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን መቅደላ ሲባል ለምን ክው እንደምል ንገሩኝ ሳትሉኝ ልናገር።

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆን፣ እኔ መቅደላን የማስተምረው በቁጥር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። እንግሊዞች ምሽጉን አቃጠሉ። የዘረፉትን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ወረዱ። ጻፉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል። በቃ። አንድ ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ግን የወሰዱት ዕቃ ምን ይመስላል?" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅ አልኩና "መስቀል፣ ዘውድ፣ ብራና ነዋ" ብዬ ወደ ዐፄ ዮሐንስ ተሻገርኩ። የማሳያት ሥዕል አልነበረኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ እኔም አይቼው አላውቅም ነበር። ዝሆኑን ቆጥሬ አስተምራለሁ፤ ዝሆኑ የተሸከመውን ግን አላውቀውም።

እሺ፤ አሁን ወደ ሰውዬው።

ሄል ውድራፍ በ1900 ኢሊኖይ ውስጥ ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አዎ፣ በግብጿ ካይሮ ስም የተሰየመች ናት፤ የአገሩ ሰዎች ግን "ኬሮ" ነው የሚሏት። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ ይዛው ናሽቪል፣ ቴነሲ ገባች፤ በሰው ቤት እየሠራች አሳደገችው። ልጅ ሆኖ የጋዜጣ ካርቱን እየገለበጠ ነው እጁን ያፍታታው። ኋላ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ሄሮን የሥዕል ትምህርት ቤት ተማረ። ኑሮውን የሚደጉመው እዚያው በወወክማ ተቀጥሮ ነበር። ወወክማን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ የጥቁሮቹ ቅርንጫፍ ለብቻ ነበር።

እዚያ ከተማ ሳለ አንድ ነገር ሆነ። የሥዕል መደብር ያለው አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ሰጠው። ስለ አፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ የተጻፈ፣ ፎቶግራፍ የበዛበት መጽሐፍ ነው። የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። ውድራፍ ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቅም። ግን ገጾቹን ገለጠ። ገለጠና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁር ሰው እጅ የሠራውን ነገር እንደ ጥበብ፣ በክብር ታትሞ አየው። እስከዚያ ድረስ የተማረው ግሪክን፣ ሮማን፣ ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን ነው። አፍሪካ በሥዕል ትምህርት ውስጥ ስሟ አይነሳም። ስትነሳም ለማሳነስ ነው። ይሄ ወጣት ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ይዞ ሥዕሉን ብቻ እያየ ቁጭ አለ። በሸመገለ ጊዜ ሳይቀር ይህን መጽሐፍ ያነሳ ነበር።

እስቲ አስቡት። የራሱን አያቶች ሥራ ያገኘው በሰው ቋንቋ፣ በሰው መጽሐፍ፣ በአጋጣሚ ነው። ሰውዬው መጽሐፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ቢሆንስ?

በ1926 ሃርመን የተባለው ድርጅት ለጥቁር ሠዓሊዎች ያዘጋጀውን ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ሄደ። እዚያ አራት ዓመት ቆየ። ያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር የሚባል ታላቅ ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ይኖር ነበር፤ ከ1891 ጀምሮ። አሜሪካ ውስጥ ቆዳው እንጂ እጁ አልታይ ሲለው የወጣ ሰው ነው። ውድራፍ ሽማግሌውን ፍለጋ እስከ ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው። እኛ አገር ደቀ መዝሙር መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር እንደሚዞረው ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ፈላስፋው አሌን ሎክ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይዞት ሄደ። እዚያ የአፍሪካ ጭምብልና ቅርጽ ከአሮጌ ወንበርና ከተሰነጠቀ ሸክላ ጋር ተደርድሮ ይሸጣል። ፒካሶና ጓደኞቹ የአፍሪካን ጭምብል አይተው የአውሮፓን ሥዕል ከለወጡ ሃያ ዓመት አልፏል። ውድራፍ ልብ ያለው ይህንን ነው፦ ከአያቶቹ ቤት የወጣው ዕቃ ለፓሪስ ሠዓሊዎች መምህር ሆኗል፤ ለአያቶቹ ልጆች ግን አልደረሰም።

በ1931 የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆን ሆፕ ና አስተምር ብሎ ጠራው፤ መጣም። ከፓሪስ ወደ ጆርጂያ! ያኔ ይቺ ከተማ በዘር ሕግ ለሁለት የተከፈለች ናት። ውኃ መጠጫው ለየብቻ፣ አውቶቡስ ላይ መቀመጫው ለየብቻ። የከተማው የሥዕል ሙዚየም ደጅም ለጥቁር እንደ ልብ ክፍት አልነበረም። ውድራፍ ግን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ቀለማቸውን ይዘው ወጥተው ያዩትን ይስላሉ፤ ቀዩን አፈር፣ የተንጋደደውን ጎጆ፣ ከጓሮ ያለውን የእንጨት ሽንት ቤት ሳይቀር። ሽንት ቤቱ ከሥዕሎቹ ስላልጠፋ "የሽንት ቤቱ ትምህርት ቤት" የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ስሙ ያስቃል። ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው፤ ያለህበትን ሳታፍር ሳል ነው የሚለው።

ሁልጊዜ መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም የሠራው። በ1935 ካተማቸው ጥቁርና ነጭ ሥራዎች አንዱ በመንጋ ተሰቅሎ የተገደለ ጥቁር ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተጥሎ ያሳያል። ርዕሱ "ባልታወቁ ሰዎች" ነው። ለምን መሰላችሁ? ያን ጊዜ ጥቁር ሰው በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ ሲገደል፣ የሞቱን ምክንያት የሚያጣራው ሹም መዝገብ ላይ የሚጽፈው "ባልታወቁ ሰዎች እጅ" ብሎ ነበር። ውድራፍ ቃሉን ከመዝገቡ ወስዶ ከሥዕሉ ስር አስቀመጠው። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም።

በ1936 ሜክሲኮ ሄዶ ከታላቁ የግድግዳ ሠዓሊ ከዲዬጎ ሪቬራ ጋር ሠራ። ትልቅ ግድግዳ ላይ ታሪክ መናገር የተማረው እዚያ ነው። ተመልሶ አላባማ ውስጥ ለታላዴጋ ኮሌጅ የአሚስታድን መርከብ ታሪክ ሳለ፤ በ1839 በባርነት ሲጓዙ ዐምፀው መርከቧን የያዙትን፣ ፍርድ ቤት ቆመው ነፃ ወጥተው ወደ አፍሪካ የተመለሱትን ሰዎች ታሪክ። ሥዕሉ የተጠናቀቀው በመቶኛው ዓመት፣ በ1939 ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን እኔን እንደ መምህር ያስቀናኝ ሌላ ነው። በ1942 በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ የሥዕል ውድድር ጀመረ። ከመላው አሜሪካ የሚመጡ ጥቁር ሠዓሊዎች ሥራቸውን ይልካሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ያሸነፉትን ይገዛል። ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸው ሰዎች እዚህ ተሰቀሉ። ውድድሩ እስከ 1970 ቀጠለ። ዛሬ ትሬቨር አርኔት ውስጥ ያለው ስብስብ የተገነባው በዚህ መንገድ ነው፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት፣ ልክ እንደ ዕቁብ። ጥቁር ኮሌጆች በዚህ ረገድ ውለታቸው ትልቅ ነው። የዚያ የታነር ታዋቂ ሥዕል፣ ሽማግሌው ልጁን ባንጆ የሚያስተምርበት፣ ዛሬም ያለው በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ሳይነቁ በፊት ዕቃውን ያስቀመጡት ድሆቹ ኮሌጆች ናቸው።

አሁን ወደ ስድስቱ ሥዕሎች። አሳቡ የተጸነሰው ውድራፍ አትላንታ ሳለ ነው፤ ግን ጦርነት መጣ፣ ነገሩ ዘገየ። በ1946 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሄደ። ቃሉን ግን አልረሳም። በ1950 እና 1951 እዚያው ሆኖ ሸራ ላይ ሠራቸውና ወደ አትላንታ መጥተው ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። ልብ በሉ፣ ቦታው ሙዚየም አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት ነው። ተማሪ ለፈተና ሲያጠና፣ ዓይኑ ሲደክም፣ ቀና ሲል የሚያየው እንዲሆን ነው።

አንደኛው የአፍሪካን ጥንታዊ የጥበብ መልክ ያሳያል። ሌላው ጥንት አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ግሪክና ሮም ሲሰጣጡና ሲቀባበሉ። ሌላው የአፍሪካ ሥራ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና ከፓስፊክ ደሴቶች ሥራ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ። ሌላው ይሄ ሁሉ በዘመኑ ሥዕል ላይ ያሳደረውን። የመጨረሻው ደግሞ ከጥንት እስከ ዛሬ ያሉ አሥራ ሰባት ጥቁር የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው ያሉበት ነው፤ ታነርም አለበት። ሽማግሌውን አልረሳውም።

የቀረው ያ እሳት ያለበት ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ "ዲሲፔሽን" ነው። በአማርኛ አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ "መባከን" ማለትም ነው፣ "መበተን" ማለትም ነው።

የሚያሳየው በ1897 የሆነውን ነው። የእንግሊዝ ጦር ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ያለችውን ቤኒን ከተማ ወረረ። ንጉሡን ኦባ ኦቮንራምዌንን አጋዙት። ቤተ መንግሥቱ ተቃጠለ። ከነሐስና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ሥራዎች በሺዎች ተዘረፉ። ቤኒኖች ታሪካቸውን የጻፉት በብራና ሳይሆን በነሐስ ነበር፤ ንጉሥ፣ ጦርነት፣ በዓል፣ ሁሉም ነሐስ ላይ ነው። ስለዚህ የተዘረፈው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መዝገብ ቤታቸው ነው። ዕቃው ለንደን ተሸጠ፣ በርሊን ገባ፣ በየሙዚየሙ ተበተነ።

አያችሁ አይደል? ከመቅደላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። መልኩ ግን አንድ ነው። መቅደላም ላይ ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ዘረፋው ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ምሽጉ ነደደ። ብራናው ለንደን ገባ። ለዚህ ነው መግለጫውን ሳላነብ መቅደላ ያልኩት። ውድራፍ መቅደላን አልሳለም፤ ግን እሳቱን አውቀዋለሁ።

ቆሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ። እሳቱ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ግድግዳውን በሙሉ እሳት አደርገው ነበር። አስተምር የነበረውም እንደዚያ ነው፤ የሄደውን ቆጥሬ፣ የጠላትን ስም አስጽፌ፣ ደወል ይደወላል። ውድራፍ ግን ለልጆቹ መጀመሪያ ያሳያቸው የተሠራውን ነው። ምን እንደነበራችሁ እዩ፤ ከዚያ ምን እንደተወሰደ ታውቃላችሁ። ያላየኸውን ነገር ማጣት አትችልም። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር ለካ። እኛ ሳቅንባት።

ውድራፍ በ1963 ከነሮማሬ ቢርደንና ኖርማን ሉዊስ ጋር "ስፓይራል" የሚባለውን የጥቁር ሠዓሊዎች ማኅበር መሠረተ፤ የጥቁር ሠዓሊ ድርሻ ምንድን ነው እያሉ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። በ1980 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። ሰማንያ ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ፕሬዚዳንት ካርተር ዋይት ሐውስ ጠርተው ከሸለሟቸው አሥር ጥቁር ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። ካርተር የጆርጂያ ልጅ ናቸው። ውድራፍ ያንን ቀይ አፈር ሲስል እሳቸው እዚያው አፈር ላይ የሚሮጡ ልጅ ነበሩ።

ጀርመን በ2022 የቤኒን ነሐሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስረክባ የመጀመሪያዎቹን መለሰች። ያ መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ እንደነበር አስታውሱ። ከመቅደላም ትንሽ ትንሽ ተመልሷል፤ በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። ብዙው ግን እዚያው ነው።

እንግዲህ ያቺ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪዬ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ መልሱ ዘገየ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የወሰዱት ዕቃ ይህን ይመስላል። አንድ የወርቅ ዘውድ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ጎንደር ላሠሩት ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ነው። የወርቅ ጽዋ አለ፤ እሱም የቁስቋም ነው። ቀሚስ አለ፤ የእቴጌ ጥሩወርቅ፣ ከጥጥ የተሠራ፣ በሐር የተጠለፈ። ሦስቱም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ደግሞ ብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ፤ ከእነሱም ፎቶ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ የተቀመጡ አሉ። ስልክሽ ላይ ልታያቸው ትችያለሽ። ግዕዙን ማንበብ ባትችዪም ግለጪው። ሥዕሉን እዪ። ውድራፍም ማንበብ አልቻለም ነበር።

አስተማሪ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼም አላችሁ፤ አውቃለሁ። መቅደላን ስታስተምሩ ዝሆኑን በኋላ ቁጠሩት። መጀመሪያ ቀሚሱን አሳዩ።

የእህቴ ልጅ ፈተናዋን ጨርሳ መጥታ አሁንም ቀና እንዳልኩ አገኘችኝ። "ነግሬህ አልነበር?" አለችኝ። ፈተናው እንዴት ነበር ብላት፣ "ከበድ ይላል፤ ግን ሲጨንቀኝ ቀና የምልበት ቦታ አለኝ" አለች።

መልካም ሰንበት።